ገመዱ ቢበጠስ ኖሮ

አማቴ ከሰሙ በሬውን ይሸጣሉ። ያን ክረምት እኔና ባለቤቴ የምናወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይደርስ ነበር። መኪናችን ሆሳዕና አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች፤ ካምቢዮዋ ተቃጥሏል፤ የምናስቀይርበት ገንዘብ የለንም። ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛ ጉዳይ ነበር። አንደኛው ጉዳይ ካምቢዮው እንዴት እንደተቃጠለ ዶዮገና ያሉት እኚሁ ሽማግሌ እንዳይሰሙ ማድረግ ነበር።

የአማቴን ስም አልጽፍም። ቤት ውስጥም ጠርቼው አላውቅም። እኔ የሆሳዕና ልጅ፣ ሀዲያ ነኝ፤ እሳቸው ከምባታ ናቸው። በሁለቱም ወገን እኔ ባደግኩበት ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ፊታቸው ቆማም እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይሁን አትልም። አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆሜ ስለፈልፍ እውላለሁ። እሳቸው ግቢ ስገባ ግን ሻሼን አጥብቄ አስሬ ጭጭ ነው። ምላሴን የሚያውቅ ሁሉ ይገርመዋል። ባለቤቴማ «እኔ የማርፈው አባቴ ቤት ስንሄድ ነው» እያለ ይቀልድብኛል።

አማቴ በየዓመቱ ለመስቀል አንድ በሬ ያደልባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእርሻው ሌላ ሥራቸው ይኸው ነው ማለት ይቻላል። የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ያበሉታል፣ ያሹታል፣ ያናግሩታል። በሬው የሚታረደው እሳቸው ግቢ ነው፤ ጎረቤቱ ቅርጫውን እዚያ ይካፈላል፤ ሥጋውን የሚመድቡትም እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን «ድርሻዬ አነሰ» ያለ ሰው የለም ይባላል። ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ደመራው ላይ እምብዛም የለንበትም፤ መስቀል ግን በእኛ አገር መስቀል ነው፤ አዲስ አበባ ያለውም፣ ወላይታ ያለውም ልጅ የዚያን ቀን ይገባል። ያለ በሬው ያ ግቢ ምን እንደሚመስል ማናችንም አስበነው አናውቅም።

መኪናዋ የቆመችው ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሳቸውን ጠይቀን ስንመለስ። ከዶዮገና ወጣ ብለን ዳገቱን ስንጀምር ያለ ምንም ድምፅ ቀጥ አለች። ዝናብ ነው። ባለቤቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አየ፤ ምን እንዳየ እግዚአብሔር ይወቀው። መኪናዋ ትንሽ አውቶማቲክ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ኮንትራት እየሠራባት የቤት ኪራያችንን የምትከፍለው እሷ ነበረች። እኔ ውስጥ ተቀምጬ መስታወቱን በሻሼ እየጠረግኩ እናደዳለሁ። ከገበያ የሚመለስ ሰው አንድ በአንድ እየቆመ ከበበን፤ ሁሉም የየራሱን ምክር ይሰጣል።

እሳቸው ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ብቻ ደረሱ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። ከኋላቸው የጎረቤታቸው ልጅ የሚነዳው አይሱዙ ድንች ጭኖ ወደ ሆሳዕና ይመጣል፤ አስቁመውት ነው። ትከሻቸው ላይ አዲስ የቃጫ ገመድ ተጠምጥሟል። ከራሳቸው እንሰት የወጣውን ቃጫ ክረምቱን ሙሉ በራሳቸው እጅ የገመዱት፣ የበሬው ገመድ ነው።

«ምን ሆነች?» አሉ።

«እንጃ አባ፣ ቀጥ አለች።»

«ካልሄደች እንጎትታታለን።»

የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ጃንጥላ የሚፈልግ መስሎ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«አውቶማቲክ መሬት ለመሬት አይጎተትም ይላሉ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማን ይላል?»

«ሰው። ካምቢዮውን ይበላዋል ይላሉ።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

ዞሮ ሰዉን አየ፣ አባቱን አየ። አባቱ በዚያ ዝናብ ጎንበስ ብለው ገመዱን ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር እያሰሩ ነበር፤ ሁለት ወጣቶች ልናግዝዎ ሲሉ በክርናቸው ገፋ አደረጓቸው። «ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ?» አለኝ።

ገባኝ። የገባኝም ነገር ነው ያናደደኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ ሰው ፊት «አባ፣ አላወቁም» ቢላቸው ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩ ወሬ እሱ ይሆናል። «ልጁን ቢያስተምር ልጁ አሳፈረው» ይባላል። እና ዝም አለ። እኔም ምራት ነኝ፤ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ።

ከዶዮገና ሆሳዕና እንደዚያ ቀን ርቆብኝ አያውቅም። ሞተሩ ስለጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ሆኗል፤ መሪውም አይታዘዝም። ባለቤቴ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆሞ፣ አይሱዙው ቁልቁለት ላይ ሲቀዘቅዝ ልንገባበት፣ ዳገት ላይ ሲፈጥን ገመዱ ተወጥሮ ልንነጠቅ፣ እንዲህ ስንል ሄድን። አማቴ አይሱዙው ላይ፣ ከድንች ጆንያው አናት፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀምጠዋል። ዝናቡን ከነመፈጠሩም የረሱት ይመስላሉ። ዓይናቸው ገመዱ ላይ ነው። ኩርባ ሲመጣ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ገመዱ ሲወጠር ፈገግ ይላሉ። እኔ በልቤ ተበጠስ፣ ተበጠስ እላለሁ። ከተበጠሰ እንቆማለን፤ ከቆምን ባለቤቴ ሌላ ሰበብ ያገኛል፤ ካስፈለገም መኪና ላይ አስጭነን እንሄዳለን። አልተበጠሰም።

በራችን ላይ ሲያደርሱን ወርደው ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ፣ አዎ ወደ እኔ፣ ዞረው «የእኛ ቃጫ እንዲህ ነው» አሉኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» አላቸው። ገመዱን መኪናችን ኋላ ወርውረውት፣ ዳግም ብትቆምባችሁ ይሁን፣ ስትመጡ ታመጡልኛላችሁ ብለው በዚያው አይሱዙ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት መካኒኩ መጣ። ከመናኸሪያው በታች ጋራዥ ያለው፣ ሥራውን ከሚሠራው ይልቅ የሚያወራው የሚበልጥ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ አንድ ትንሽ ፊውዝ ነቀለ፣ በብርሃን አየው፣ ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ተካ። ባለቤቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እልል ብሎ ተነሳ። የፊውዙ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ተቃቅፈን ልንስቅ ምንም አልቀረን።

ከዚያ ባለቤቴ ማርሹን አስገባ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ወደ ኋላ አስገባ፤ አሁንም የለችም። መካኒኩ ወሬውን አቆመ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አፍንጫዬ ሥር አቀረበው። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ምግብ ይሸታል።

«ማነው የጎተታት?» አለ።

«መንገደኛ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ቶሎ ብሎ።

«መንገደኛ አይደለም፣ ጠላት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ካምቢዮው ያለ ዘይት ነው የሚፈጨው። ይሄን ያህል መንገድ!»

ባለቤቴ ለመሳቅ ሞከረ። መካኒኩ ከፍቶ መጠገኑ ዋጋ እንደሌለው፣ ያለው አማራጭ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ማስመጣት እንደሆነ ነገረን። ዋጋውን ሲጠራው በደንብ ሰምቼ ሳለ «ስንት?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። የሁለታችንን ደመወዝ ደምረን፣ ዓመት ያህል ሳንበላ ሳንጠጣ ብናስቀምጥ ነው። የማስጫኛው፣ የዘይቱና የእጁ ዋጋ ገና አልተጠራም። መኪናዋን በሰው ኃይል እያስገፋ ወደ ጋራዡ ወሰዳት።

የዚያን ቀን ቤታችን ውስጥ የወጣው ቃል አይደገምም። «አንድ ቃል ብትናገር» እለዋለሁ፤ «አንቺስ?» ይለኛል። «እኔ ምራት ነኝ» እለዋለሁ፤ «እኔ ልጅ ነኝ» ይለኛል። ሁለታችንም እውነት ነበረን፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። መጨረሻ ላይ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰሙ ይሸጡታል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የሰው አጥር ከብታቸው ቢጥስ በማግስቱ እንጨት ተሸክመው ሄደው የሚያጥሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ከመምህራን ብድርና ቁጠባ ወረፋ እንይዛለን፤ ወረፋው እስኪደርስ መኪናዋ ትቁም፤ እሳቸው ምንም አይስሙ።

እሳቸው ግን ይደውላሉ።

«ተነሳች?»

«ዕቃ እየጠበቅን ነው አባ።»

«ምን ዕቃ?»

«ትንሽ ዕቃ ናት።»

«ገመዱስ?»

«አለ አባ።»

ባለቤቴ ስልኩን ሲዘጋ ግንባሩ ያልበዋል። እየቆየ የስልኩ ነገር ሁሉ ወደ ገመዱ ሄደ። በሬው ጠግቧል፣ አሮጌው ገመድ አልያዘውም፣ ትናንት የጎረቤት ጎመን ገብቶ ነበር፤ ገመዱን ላክልኝ። ገመዱ ደግሞ መኪናዋ ውስጥ እንዳለ ጋራዥ ገብቶ፣ መካኒኩ ወዶት ሞተር ማንጠልጠያ አድርጎታል። ባለቤቴ ሊቀበለው ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለቴም ሳይጠይቅ ተመለሰ። «ሥራ ላይ ሆኖበት አገኘሁት፣ እንዴት ልበለው» አለኝ። ሰው በገዛ ገመዱ ይሉኝታ ይይዘዋል? ባለቤቴን ይይዘዋል። እኔ ራሴ እሄዳለሁ አልኩት።

የሄድኩት መስከረም ሲገባ፣ የተማሪ ምዝገባ ላይ ውዬ ስወጣ ነው። የሆሳዕና ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ጋራዡ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የላስቲክ ቦት ጫማቸውን ነው።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ መካኒኩ ያዘዘላቸው ሻይ አለ፤ ጭናቸው ላይ ገመዳቸው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጃቸው አልልክ ቢላቸው ራሳቸው ሊወስዱ፣ ጋራዡን ሰው እየጠየቁ መጥተዋል። መካኒኩ «ዘመዳቸው ነኝ» ካሉት ሌላ ማንነታቸውን ሳያውቅ፣ ጨዋታ አግኝቶ፣ በሰፊው ይዞታል።

«ገመድስ ገመድ ነው አባቴ፣ እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ግን ይችን መኪና ጉድ የሠራት እሱ ነው። አውቶማቲክ ናት እኮ። አንድ መንገደኛ ነው አሉ፣ ከዶዮገና ድረስ በዚህ ጎትቶ አመጣት። ገመዱ መንገድ ላይ ቢበጠስ ኖሮ ትድን ነበር።»

ልጮህበት ፈለግኩ፤ ምን ብዬ? እሳቸው ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሌላ ችግር አልነበረባትም?» አሉ በዚያ በከምባትኛ በተቃኘ አማርኛቸው።

«ፊውዝ ነበር። ከዚች ጥፍሬ የምታንስ።»

«አሁን ስንት ነው የሚፈልገው?»

ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና እንዲነግራቸው አልጠየቁም። ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩኝ። መካኒኩም ዞሮ አየኝና «ይኸው ባለቤቷ መጣች» አለ፤ «እርስዎ ግን ለእነሱ ምናቸው ነዎት?»

«መንገደኛው እኔ ነኝ» አሉ።

እሳቸው ተነሱ፣ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የነበረው ሀፍረት ነው፤ አስተማሪው በሰው ፊት ያዋረደው ልጅ ላይ የማየው ዓይነት።

«ልጄ ሥራ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ቆጮ አምጥቼላችሁ ነበር። ጎረቤታችሁ ጋ አስቀምጫለሁ።»

ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ባለቤቴ ጋ ደውዬ «ሰሙ» አልኩት።

በማግስቱ ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ ዶዮገና ሲደርስ ግቢው ባዶ ነበር። አማቴ በጠዋት በሬውን በዚያው ገመድ እየሳቡ ወጥተዋል አሉት። ገበያውን ሁሉ ቢዞር አላገኛቸውም። ከሰዓት መካኒኩ ደወለልኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አባታችሁ መጥተው ነበር። የካምቢዮውን አብዛኛውን ከፍለዋል። የጎደለውን እናንተ ሙሉ። እናንተ ቤት ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለኝ። ለልጃቸው ቢሰጡት እምቢ እንደሚል ያውቃሉ፤ ስለዚህ በእኛ በር በኩል እንኳ አላለፉም። የጎደለውን ከዚህም ከዚያም ሞላነው፤ ካምቢዮው መጣ፣ ተገጠመ። መካኒኩ የእጁን ቀነሰልን። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነዳት አለቀሰ፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

መስቀል ሲደርስ በመኪናዋ ሄድን። ካምቢዮው አንድም እንከን የለውም፤ ዳገቱን ስትወጣ እንኳ ማርሽ መቀየሯ አይታወቅም።

ግቢው ተጠርጓል፣ ሣሩ ታጭዷል። በሬው ይታሰርበት የነበረው ካስማ ባዶውን ቆሟል። የሰፈሩ በሬ ዘንድሮ ሌላ ጎረቤት ቤት ነው የታረደው። አማቴ ቅርጫቸውን ሊቀበሉ ሄዱ፤ እኔ ከጓሮ ሆኜ አየኋቸው። ሌላ ሰው ሲመድብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከዳር ቆሙ። አንዱ «በሬውን ምን ነካው ዘንድሮ?» አላቸው። «ሸጥኩት፤ ማድለብ ደከመኝ» አሉ። ድርሻቸውን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይዘው ተመለሱ።

ክትፎውን ስከትፍ ባለቤቴና እሳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«ልጄ፣ ያን ቀን ታውቅ ነበር? እንደማትጎተት?»

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። ጠበቅኩት። ቢላዋውን አቁሜ ጠበቅኩት። ይኸው እንደገና ዝም ሊል ነው። የዚያ ቀን ዝናብ፣ ጋራዡ፣ ባዶው ካስማ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ያውቅ ነበር አባባ» አልኩ ከበሩ ላይ።

ሁለቱም ዞሩ። እዚያ ቤት ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቢላዋው ደግሞ እጄ ላይ ነው።

«ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል። ለእርስዎ መንገር ከብዶት ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር።»

አማቴ ወደ ልጃቸው ተመለሱ። «ሰው ፊት እንዳላፍር?»

«አዎ አባ» አለ ባለቤቴ።

«ሆሳዕና ትምህርት ቤት ስትገባ ፍራሽህን ተሸክሜ በእግሬ ነው የወሰድኩህ» አሉት። ድምፃቸው አልተነሳም። «ለምን መሰለህ? እኔ የማላውቀውን አውቀህ እንድትነግረኝ ነው።»

እኔ ወደ ክትፎዬ ተመለስኩ፤ ዓይኔ ግን የምከትፈውን አላየም።

ከሰዓት ልንመለስ ስንል ጎረቤቱ እንደ ወጉ ሊሸኘን ወጣ። አማቴ ለእኛ ያሉትን ሁሉ ማስጫን ጀመሩ። ቆጮ ገባ፣ ጎመን ገባ፣ አንድ ጆንያ ድንች ገባ። ሁለተኛ ጆንያ ሲገባ የመኪናዋ ጀርባ ወረደ፤ ሦስተኛውን ሁለት ጎረምሶች አንስተው መጡ። ጎማው ከላይ ካለው ቆርቆሮ ጋር ሊነካካ ነው። ከፊታችን ያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አለ። ባለቤቴ ጎማውን አየ፣ አባቱን አየ፣ የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«አባ» አለ። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ። «አባ፣ በዛ። መኪናዋ ይሄን አትችልም፤ ትጎዳለች።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አማቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ።

«አውርዱት» አሉ። «ሁለተኛውንም አውርዱት። ልጄ ያውቃል።»